ጸበል የሄዱት

መስከረም 12፣ 2008 ዓ.ም.

መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ። ሰርቨሩም አብሮት። ሰርቨር ሲሉት ትልቅ ነገር ይመስላል እንጂ ጠረጴዛዬ ሥር የተጎለተ አሮጌ ኮምፒውተር ነው። ጠዋት ጠዋት የላሊበላ ብርድ ሲጠናብኝ እግሬን አስጠጋዋለሁ።

ወደዚህ ከመጣሁ ወዲህ የምሠራውን ለሰው ማስረዳት ሰልችቶኛል፤ ስለዚህ አንዴ ለራሴ ልጻፈው። ቀበሌዎች ማን ቤቱ እንዳለ ማን እንደሌለ ጽፈው ይልካሉ። ጤና ኬላዎች የሕፃናቱን ክብደት ይልካሉ። ከገበያ የእህልና የከብት ዋጋ ይመጣል። ሁሉም በየቢሮው አቧራ ሲጠጣ ነው የኖረው። እኔ ይህን ሁሉ አንድ ቋት ውስጥ አስገብቼ፣ ቀበሌዎቹን ካርታ ላይ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ አድርጌ ማሳየት አለብኝ። ክረምቱ ከድቶናል። የእርዳታ ኮሚቴው ጥቅምት መጨረሻ ጋሸና ተሰብስቦ እህሉ ቀድሞ ለማን እንደሚሄድ የሚወስነው ይህን ካርታ አይቶ ነው።

ድርጅታችን ሶፍትዌር የሚገዛበት የለውም። ስለዚህ ሁሉም ነገር በነጻ ከሚወርዱት ነው፤ ዳታው ፖስትግሬስ የሚባል ፕሮግራም ላይ ይቀመጣል፣ ፔንታሆ የሚባለው ደግሞ ከየወረቀቱ የተገለበጠውን እየለቀመ ያስገባል። በነጻ ይወርዳሉ፣ ኔትወርክ ሲኖር።

አቶ ኢያቄም፣ አለቃዬ፣ በበሩ ባለፈ ቁጥር አንገቱን ያስገባል። "ይደርሳል?" ይላል። ይደርሳል እላለሁ።

መስከረም 14

ፔንታሆ ጳጉሜን አያውቅም። የጳጉሜን ሪፖርት ሁሉ ስሕተት ነው ብሎ መለሰልኝ። ዓመቱ አሥራ ሦስት ወር አለው ብዬ ሳስተምረው ዋልኩ። አንድ የማላውቀው፣ አገሩንም የማላውቀው ሰው ኢንተርኔት ፎረም ላይ ረዳኝ፤ በመጨረሻም በርቺ አለኝ። ከሰሞኑ ከእኔ ጋር ረጅም ወሬ ያወራው እሱ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ያለችው ጓደኛዬ ትዝታ መልእክቴን ካየችው ሰነበተች፣ አልመለሰችም።

መስከረም 17፣ መስቀል

አገር ምድሩ ቤቱ ገባ። እኔ ቢሮ ነኝ። አገሬ የዋድላው ኮን ይህን ያህል ሩቅ ሆኖ አይደለም፤ ሥራው አልለቀኝ ብሎ እንጂ።

እማዬ ደወለች። ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ወጥታ ነው፤ ንፋሱ ይሰማኛል። ላለመሄዴ ሰበቤን ደረደርኩ። "ሥራሽን ያዥ፣ እኛ ደህና ነን" አለች። አባዬን አገናኚኝ ብላት፣

"ጸበል ገብቷል" አለችኝ።

"ምን ሆኖ?"

"ወገቡን ነዋ። ያችው ወገቡ ናት።"

እግዜር ይማረው አልኩ። ውኃ እንዳይጠፋብኝ ጠየቀችኝ፣ ስወጣ የሰጠችኝ ቢጫ ጀሪካን እንዳለ ጠየቀችኝ። አለ፣ እጀታው ላይ ያሰረችው ቀይ ጨርቅም አለ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው አባዬ ለመስቀል ከቤቱ ርቆ እንደማያውቅ ትዝ ያለኝ። አርጅቷል ማለት ነው።

መስከረም 25

ከአዲስ አበባ አማካሪ መጥቶ ነበር። ጥሩ ጫማ ያደረገ፣ ጨዋ ሰው። ቀመሩን አብረን አየን። አባወራው ሥራ ፍለጋ ከቤቱ ከወጣ ያ ቤት ችግር ላይ ነው፤ እንዲህ ያሉት ቤቶች ሲበዙ ቀበሌው ቀይ ይሆናል። ወረቀቱ ላይ የመሄጃ ምክንያት አለ፤ አንደኛው ሥራ ፍለጋ፣ ሁለተኛው ዘመድ ጥየቃ፣ ሦስተኛው ጸበል።

"ይኼ ጸበል የሚለው በዝቷል፤ ምን እናድርገው?" አለኝ።

"አይቆጠርም" አልኩት። "ጸበል የሄደ ሰው ሲድን ይመለሳል፤ ከችግር ጋር አይገናኝም። የአገሬን ሰው አውቀዋለሁ።"

"ያገሩን ሠርዶ ባገሩ በሬ" ብሎ ሳቀና ጻፈው። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ስንት ጊዜ ነው በሕይወቴ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው እኔ ያልኩትን የጻፈው?

መስከረም 29

ጸበል። ፀበል። ጠበል። ሁሉም እንደ አፉ ይጽፋል። ሦስቱን አንድ አደረግኋቸው። ተደምረው ከሥራ ፍለጋ በለጡ። ሃይማኖተኛ ሕዝብ ነን።

ጥቅምት 4

ከምናለ ጋር ተጋጨን። ምናለ በሞተር ሳይክል እየዞረ ከቀበሌዎቹ ወረቀት የሚያመጣልን ልጅ ነው፤ የከተማ ልጅ ነው፣ ወላጆቹ እዚሁ ለቱሪስት መስቀል ይሸጣሉ።

"ጸበል ሄዱ የሚሉኝን እጽፋለሁ፤ ግን ሲመለስ ያየሁት የለም" አለኝ።

"አንተ ቤት ገብተህ አትጠይቅም፤ ሞተርህን ሳታጠፋ አጥር ላይ ሆነህ ትጽፋለህ" አልኩት።

"እገባለሁ። በሩ ዝግ ነው።"

"ገበሬ አታውቅም ምናለ።"

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ ጓንቱን አድርጎ ወጣ። ሻይ እንጠጣ ልለው ነበር የጠራሁት። ምን እንደሚያናግረኝ እንጃ።

ጥቅምት 9

እማዬ። ስለ ካርታው ነገርኳት፣ የገባት አይመስለኝም፣ "ጎሽ" አለች። ምን ስትሠሪ ዋልሽ ብላት ለላሟ ሣር ስታጭድ፤ ማጭዱንም ከጎረቤት ተውሳ። ሠርዶው አልቆ ገደል ገደሉን ነው አለች። ቦራስ? ቦራ በሬአችን ነው። አክስትሽ ጋ ሰደነዋል፣ እዚያ ሣር አለ፣ አለች።

የትኛው ጸበል ነው አባዬ የገባው ብዬ ያዝኳት። "ነአኩቶ ለአብ" አለች።

ልጅ ሆኜ ዓይኔን ሲያመኝ አባዬ አዝሎ ወስዶኝ ነበር። ውኃው ከዋሻው ጣሪያ ጠብ ጠብ እያለ የድንጋይ ገበታ ውስጥ ሲወርድ፣ እኔ ስንት ጠብታ እንደወደቀ ስቆጥር። ነአኩቶ ለአብ ማለት እኮ እዚህ ጥግ ነው! በእግሬ ሄጄ መመለስ እችላለሁ።

"እንዳትሄጂበት" አለች ፈጥና። "ሱባኤ ይዟል። ሰው አያይም።"

እሺ አልኩ። እውነቱን ልናገር፣ ቀለለኝ። ከጤና ኬላ የመጣው ዳታ አልገባ ብሎ ሲያስለቅሰኝ ነው የሰነበተው።

ጥቅምት 16፣ ጋሸና

የስብሰባ አዳራሹን ልናይ መጣን። ፕሮጀክተሩ ይሠራል። መስኮቱ መጋረጃ የለውም፤ በአንሶላ ይሸፈናል።

ምሳ ቤት ከኋላዬ ሁለት ሾፌሮች ያወሩ ነበር። አንዱ ከኮን ወዲህ ሰው ጭኖ ወደ ሁመራ ሰሊጥ አጨዳ ሲመላለስ መሰንበቱን ይናገራል። "ሽማግሌ ሳይቀር" አለ። "ማጭዱን በጆንያ ጠቅልሎ ይዞ ይወጣል፤ ወዴት ነው አባቴ ስትለው ዝም።"

ሽሮው ጨው በዝቶበት ነበር። ወደ ላሊበላ የሚወጣው መኪና አስመሸን።

ጥቅምት 22

ሠራ።

ካርታው ወጣ። ቀለሙ ተቀባ። ቢሮው ውስጥ ማንም አልነበረም፤ ተነሥቼ ቆምኩ፣ መልሼ ተቀመጥኩ። የፎረሙ ሰውዬ ዘንድ ገብቼ "ሠራ" ብዬ ጻፍኩለት።

መጀመሪያ የፈለግሁት የኛን ቀበሌ ነው። አረንጓዴ። እግዚአብሔር ይመስገን። የሕፃናቱ ክብደት ትንሽ ወርዷል፤ ግን አባወራዎቹ ያው ጸበል ናቸው፣ ወደ ቢጫ የሚያደርስ አይደለም።

ማታ ለማንም ሳላሳይ ማደር አልሆንልኝ ብሎ ላፕቶፑን ለአከራዬ ለእትዬ እታገኘሁ ከፈትኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው አዩት።

"ኮን አካባቢ አረንጓዴው ምንድነው?"

"ደህና ነው ማለት ነው።"

"እንዲያ ነው? እኔ ደግሞ የዚያ አገር ልጃገረዶች ሰው ቤት አስገቡን እያሉ በሬን ሲያንኳኩ ሰንብተዋል።"

ሁልጊዜም የሚመጡ አሉ አልኳቸው። "እናንተ የተማራችሁ ታውቃላችሁ" ብለው ዕቃቸውን አጠቡ። ደስ አላለኝም። ሰው ለፍቶ ያመጣውን አንዴ ጎሽ ቢሉት ምን ይጎድልባቸዋል?

ጥቅምት 27

ኮሚቴው ካርታውን አየ። አጨበጨቡ። አቶ ኢያቄም ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እህሉ ለቀዮቹ ይሄዳል። የኛ ቀበሌ ለመጀመሪያው ዙር አልተካተተም። የራሴን አላስቀደምኩም፤ ማንም ለዘመዷ አዳላች አይለኝም። ይህን እያሰብኩ ነው የተመለስኩት፣ መንገዱን በሙሉ።

ኅዳር 3

ዛሬ የነአኩቶ ለአብ ንግሥ ነው። ሱባኤ ቢሆንም ለንግሥ ይወጣል ብዬ ጋቢና ዳቦ ይዤ ወረድኩ። ደስ ብሎኝ ነበር። ካርታውን በስልኬ ፎቶ አንስቼዋለሁ፣ ላሳየው።

ሕዝቡን ዞርኩ። ዋሻው ውስጥ ገባሁ። አንድ ሸምገል ያሉ ቄስ ጸበል ያጠጣሉ፤ አባ ወልደ ጊዮርጊስ ይሏቸዋል።

"አባ፣ ከዋድላ የመጡ፣ ጋሻዬ የሚባሉ፣ ወገባቸውን የሚያማቸው ጸበልተኛ አሉ?"

"ከዋድላ? ዘንድሮ ከዋድላ አንድም ሰው አልመጣም ልጄ።"

"አባቴ ናቸው፤ ሱባኤ ይዘዋል።"

"ለንግሡ ከተማው ወጥቷል እንጂ ተቀማጭ ጸበልተኛ የለንም። ያሉትም ጥቂት ናቸው፣ ሁሉንም በስም አውቃቸዋለሁ። ወትሮ መተኛ ቦታ ይጠብ ነበር። ሌላ ቦታ ጸበል ፈልቆ ይሆን እያልን ነው።"

ውኃው እንደ ድሮው ጠብ ጠብ ይላል። ቄሱ አጠጡኝ፣ ጠጣሁ። በእኔ ቋት ውስጥ ይህ ዋሻ ሞልቶ ሰው ደጅ ተርፎ ነበር።

ጋቢውን ለብሼ ተመለስኩ።

ኅዳር 4

ወዲያው ነው የገባኝ። ወዲያውም አይደለም።

ፔንታሆን ጸበልን እንደ ሥራ ፍለጋ ቁጠር አልኩት። አንድ መስመር ነው፤ ካርታው እንደገና እስኪቀባ ሻይ አይፈላም። ከኮን ወዲያና ወዲህ ቀላ። የኛ ቀበሌ ከሁሉም ባሰች።

አክስቴ ጋ ሣር ኖሮ አያውቅም። አንዲት ፍየል ማሠሪያ የላትም። ይህን እያወቅሁ ነው እሺ ያልኩት። ማጭድ ከጎረቤት ስትዋስ የኛ የት ሄደ አላልኩም። የአገሬን ሰው አውቀዋለሁ! የአገሬ ሰው ራበኝ ብሎ እንደማይናገር አላውቅም ነበር? እኔ ራሴ አዲስ አበባ ስማር ጦሜን አድሬ ለእማዬ በላሁ ስል አልነበረም?

ኅዳር 6

አቶ ኢያቄም ካርታውን ቆሞ አየው። በሩን ዘጋ።

"ኮሚቴው አጨብጭቦ ወስኗል። አሁን ተሳስተናል ብንል ሌላውንም ነገራችንን ማን ያምነናል? ዝም አይነቅዝም፣ የትናየት።"

"ሰው ነው ያለው ከሥር።"

ተቀመጠ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ደክሞታል። "ኅዳር አሥራ ሦስት ለሁለተኛው ዙር ይሰበሰባሉ። ማስረጃ ካለሽ ታቀርቢያለሽ። አንድ ቄስ ጸበልተኛ ቀነሰብኝ አሉ ማለት ግን ማስረጃ አይደለም። እነዚያ ሰዎች ጸበል አለመሄዳቸውን የሚናገር ሰው አለሽ?"

አለኝ። አንድ ቤት አለኝ።

ስወጣ ምናለን በረንዳ ላይ አገኘሁት። አንተ ነበርክ ልክ አልኩት። "ልክ መሆኔ ምን ያደርግልኛል" ብሎ ሻይ ገዛልኝ።

ኅዳር 8

ደወልኩ። እማዬ፣ ነአኩቶ ለአብ ሄጄ ነበር፣ አልኳት።

"ሁመራ ነው አይደል?"

"ጸበል ነው አልኩሽ።"

"ቦራን ሸጣችሁት።"

"አባትሽ ጸበል ነው፣ የትናዬ። ቀበሌውም፣ ጎረቤቱም፣ ቤተ ክርስቲያኑም የሚያውቀው ይህን ነው። በዚህ ዕድሜው ሰው እርሻ ላይ ሊቀጠር ሄደ ሊባል ነው?"

እህል እንዲመጣ ይህን መናገር አለብኝ አልኳት። ለኮሚቴው፣ በስሙ።

"ገበናችንን?" አለች። ቀስ ብላ ነው ያለችው። "ብንራብ ለኛ ነው። እሱን ሰው ፊት እንዳታዋርጂው።"

ዘጋችው። ቂጣ ጋግሬ አልበላሁትም። አባዬን ሰው ሳያየው በጨለማ ሲወጣ አስበዋለሁ፤ ማጭዱ እንዳይታይ በጆንያ። ባልናገር ክብሩ አለ፣ እህል የለም። ብናገር የምመለስበት ቤት ይኑረኝ አይኑረኝ እንጃ። ትዝታ ጋ ደወልኩ፣ አላነሣችም። ብታነሣስ ከየት እጀምርላታለሁ?

ኅዳር 13፣ ጋሸና

ተናገርኩ።

መጀመሪያ ካርታውን አሳየሁ። የለወጥኩትን መስመር ነገርኳቸው፤ ያንን መስመር አይቆጠርም ያልኩት እኔ እንደሆንኩ፣ አማካሪውም አለቃዬም እንዳልሆኑ ነገርኳቸው። አንዱ "ጸበልን ከረኃብ ምን አገናኘው? ሃይማኖታችንን ነው የምትነኪው" አለ። ሌሎቹም አጉረመረሙ።

"አባቴ ጋሻዬ ይባላል" አልኩ። "ቀበሌያችን ወረቀት ላይ ጸበል ነው። ነአኩቶ ለአብ ወርጄ ፈልጌዋለሁ፣ የለም። ማጭዱን ይዞ ሁመራ ነው የሄደው። በሬያችን ተሸጧል። ይህን የደበቀችኝ እናቴ ናት፣ ልጇን።"

አንሶላው በመስኮቱ ላይ ሲንቀሳቀስ ይሰማል።

ከኮን የመጡ አንድ ሽማግሌ አሉ፣ አቶ ጥሩሰው። አባዬን ያውቁታል። እኔን አላዩኝም፤ በትራቸውን ነው የሚያዩት።

"የኔም ወንድም ጸበል ነው" አሉ። "ከመስከረም ጀምሮ።"

ከዚያ ከወዲያኛው ጥግ አንዱ አማቹ ጸበል መሆኑን ተናገረ። ሌላውም ሁለት ልጆቹን። ማንም ሁመራ አላለም። ማንም ራበን አላለም። ሁሉም ጸበል ነው ያሉት፣ ሁሉም ገባው።

ቃለ ጉባኤው ላይ "ጸበል የሄዱ አባወራዎች ቤተሰቦች በሁለተኛው ዙር ይካተቱ" ተብሎ ተጻፈ። አቶ ጥሩሰው ሲነሡ፣ "እዚህ የተባለው እዚህ ይቅር" አሉ። የሁሉንም ዓይን አንድ በአንድ አይተው ነው የወጡት።

ኅዳር 20

እማዬ አታነሣም።

ኅዳር 24

አታነሣም። ጥሪው ይገባል። ጉብታው ላይ ወጥታ ስሜን አይታ የምትተወው ይመስለኛል።

ሰርቨሩ ደህና ነው። እግሬ ሞቋል። የዛሬው ወሬዬ ይኸው ነው።

ታኅሣሥ 2

ስንዴው ኮን ገባ። ምናለ አይቶ መጣ። የኛም ቤት እንደደረሰው ነገረኝ፤ እናትሽ ፈርመው ወሰዱ አለ። ምን አለችህ? ምንም።

"የወሩን መረጃ ስሞላ ባለቤትዎስ ብዬ ጠየቅኋቸው" አለ። "ጸበል ነው አሉኝ። ምን ብዬ ላስገባው?"

"ያለችህን ጻፍ።"

"ጸበል?"

"ጸበል። አቆጣጠሩን ለኔ ተወው።"

ታኅሣሥ 9

ከማላውቀው ቁጥር። አባዬ። ከኋላው መኪና ይጮኻል፣ ሰው ይጮኻል።

"የትናዬ፣ ደህና ነሽ?"

ስንት ነገር ላወራው አስቤ ነበር። ይቅር በለኝ ልለው ነበር። ድምፁን ስሰማ ሁሉም ጠፋኝ።

"ጸበሉ እንዴት ነው አባዬ?" አልኩት።

"ደግ ነው" አለ። "ሙቀቱ ነው ትንሽ የሚከብድ።"

"ወገብህስ?"

"ይሻለኛል። ማክሰኞ እመለሳለሁ። በጋሸና ነው የማልፈው።" ቀጥሎ፣ "ለእናትሽ እንዳትነግሪያት፣ ትጨነቃለች" አለ።

ንገሪያት ቢለኝስ በየት በኩል?

ታኅሣሥ 11

ከሥራ አስፈቅጄ ነአኩቶ ለአብ ወረድኩ። አባ ወልደ ጊዮርጊስ ቢጫውን ጀሪካን እየሞሉ፣ "አባትሽ ተገኙ?" አሉኝ። ሊመጡ ነው አልኳቸው። አልጠየቁኝም። አፉን በበቆሎ ቆሮቆንዳ ወትፈው አሸከሙኝ።

ከጸበል የሚመለስ ሰው ባዶ እጁን ቤቱ አይገባም።

ታኅሣሥ 12፣ ጋሸና

ከጭነት መኪናው ላይ የመጨረሻው ሆኖ ወረደ። ከስቷል፣ ጠቁሯል፣ ወባ የነካው ይመስላል። ጆንያውን ብብቱ ሥር ይዟል። ሲያየኝ ጆንያውን ወደ ኋላው አደረገው፤ ከዚያ መልሶ ወደ ፊት አመጣው።

ጉልበቱን ሳምኩ። አልከለከለኝም። ጀሪካኑን ሰጠሁት። ዓይኑን ከጀሪካኑ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ጀሪካኑ አደረገ።

"ከየት ነው?"

"ከሄድክበት።"

ቆሮቆንዳውን ነካ ነካ አደረገው። ማጭዱን ከነጆንያው ለኔ ሰጠኝ፣ ጀሪካኑን ትከሻው ላይ አወጣው። እኔ ጋ አድረህ ሂድ አልኩት። እናትሽ ትጠብቃለች አለ። እጁን ራሴ ላይ አስቀምጦ የኮን መኪና እስኪጣራ ድረስ አላነሣውም።

ታኅሣሥ 14

እማዬ ደወለች።

"አባትሽ ከጸበል ተመለሰ" አለች። "ጸበልም ይዞ መጣ። ጎረቤቱን ሁሉ አጠጣነው።"

እንኳን ደህና ገባ አልኩ።

ንፋሱ ነፈሰ። ልትዘጋ ነው ስል፣

"ጀሪካንሽን በሚመጣ ሰው እልክልሻለሁ" አለች። "ያለ ውኃ መያዣ እንዳትቀመጪ።"